ጅራቱን ያሰረው ልጥ፦ የአጥቢዎች የዘር ሕዋስ ጅራት በምን ተያይዞ ይቆማል?

የሣር ቤት የሠራ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ምሰሶው የቱንም ያህል ጽኑ፣ ማገሩም የቱንም ያህል ቀጥ ያለ ቢሆን፣ እንጨትን ከእንጨት ያሰረው ልጥ ከላላ ቤቱ በመጀመሪያው ዐውሎ ነፋስ ይንጋደዳል። መፍረስ የሚጀምረው ከመጋጠሚያው ነው። ስለ አጥቢ እንስሳት የወንድ ዘር ሕዋስ፣ ማለትም ስለ ስፐርም፣ ጅራት ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የወጡትን ምርምሮች አሰባስቦ ለሚያነብ ሰውም ይኸው ሐሳብ ጎልቶ ይታየዋል። በጅራቱ ውስጥ የሚገኙት ፕሮቲኖች የስም ዝርዝር ረጅም ነው፤ በየዓመቱም ይረዝማል። ጅራቱ መዋኘቱን ወይም መሰበሩን የሚወስነው ግን የትኛው ፕሮቲን ከየትኛው ጋር፣ በየትኛው ቦታ፣ በምን ተያይዟል የሚለው ነው። የዚህ ዳሰሳ ክርክር ይኸው ሲሆን ሌላ ነጥብም ያስከትላል። «ይህ ፕሮቲን ከዚያኛው ጋር ይተሳሰራል» የሚል ቃል በአንድ ዓይነት ማስረጃ ብቻ ሊጸድቅ አይገባውም። ሦስት ምስክር ያስፈልገዋል፤ ሁለቱ መተሳሰር መቻላቸው፣ አንዱ ሲጠፋ መጋጠሚያው መፍረሱ፣ በመጨረሻም ሁለቱ በቦታቸው ጎን ለጎን መታየታቸው።

በቅድሚያ የቤቱን ንድፍ እንይ። በጅራቱ መሐል ለመሐል አክሶኔም የሚባል የቱቦዎች ጥቅል ተዘርግቷል፤ ዘጠኝ ድርብ ማይክሮቲዩቦች ዙሪያውን፣ ሁለት ነጠላዎች ደግሞ መሐሉን ይዘዋል። ይህ «ዘጠኝ ሲደመር ሁለት» የሚባለው አሠራር በ1950ዎቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታወቀ ሲሆን፣ ከአልጌ ጀምሮ እስከ ሰው የመተንፈሻ ቧንቧ ድረስ ይገኛል። በድርብ ቱቦዎቹ ላይ የተተከሉት፣ ዳይኒን የሚባለው የሞተር ፕሮቲን ክንዶች ኤቲፒ የሚባለውን የሕዋስ ነዳጅ እየፈጁ አንዱን ቱቦ በጎረቤቱ ላይ ያንሸራትታሉ፤ የጅራቱ መተጣጠፍም ከዚያ ይመጣል። ዳይኒንን በ1960ዎቹ ለይቶ ያወጣውና ስም ያወጣለት ኢያን ጊበንስ ነው። እንደ ባሕር ጃርት ዘሩን በውኃ ውስጥ ለሚለቅ እንስሳ ከዚህ ብዙም ያልበለጠ ጅራት ይበቃዋል። የአጥቢው ስፐርም ግን እንደ ንፍጥ በወፈረ ፈሳሽ ውስጥ መንገዱን ሰንጥቆ ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ በአክሶኔሙ ዙሪያ ሌላ ግንባታ ተጨምሮለታል። ከአንገቱ ጀምሮ ዘጠኝ ጠጣር ክሮች ከዘጠኙ ድርብ ቱቦዎች ውጭ ይወርዳሉ። በመካከለኛው ክፍል በእነዚህ ክሮች ላይ ኃይል አምራቾቹ ማይቶኮንድሪያዎች እንደ ጥምጥም ተጠምጥመዋል። ጥምጥሙ ሲያበቃ አንድ ቀለበት አለ። ከቀለበቱ በታች ደግሞ፣ ዋናው ክፍል በሚባለው ረጅሙ የጅራት ክፍል፣ የክር ሰገባ የሚባለው ሽፋን ይጀምራል፤ ሁለት ቋሚዎች በሁለት ጎን ይወርዳሉ፣ ቋሚዎቹንም ልክ እንደ ማገር ግማሽ ክብ የሆኑ የጎድን አጥንት መሰል ክሮች ያገናኟቸዋል። ሦስተኛውና ስምንተኛው ጠጣር ክር እዚህ ላይ ያበቃሉ፤ ቦታቸውን የሚወስዱት ሁለቱ ቋሚዎች ናቸው። የሰው ስፐርም ርዝመቱ ከ50 እስከ 60 ማይክሮሜትር፣ የትንሿ የላቦራቶሪ አይጥ ደግሞ 120 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። በ1990 የቀረበ አንድ ትንታኔ ጠጣር ክሮቹ ስፐርሙን ከመጎተትና ከመሸራረፍ ጉዳት እንደሚከላከሉለት አሳይቷል። የአጥቢው ጅራት እንግዲህ የሞተርን ያህል የጽናት ጉዳይም አለበት።

ልጡ ከምን የተሠራ ነው? በ1970ዎቹ ካልቪንና ቤድፎርድ ካደረጓቸው ሙከራዎች የሚገኘው መልስ ቀላል ነው። ስፐርም በቆለጥ ውስጥ ከተሠራ በኋላ ኤፒዲዲሚስ በሚባል የተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ ውስጥ እያለፈ ይበስላል። ከቱቦው መግቢያ የተወሰደ ስፐርም ኤስዲኤስ በሚባለው፣ ፕሮቲንን በሚፈታ ኃይለኛ ሳሙና ውስጥ ሲገባ ጅራቱ ይሟሟል። ከቱቦው መውጫ የተወሰደው ግን በዚያው ሳሙና ውስጥ አይበገርም። ዲቲቲ የሚባል ሌላ ኬሚካል ጠብ ሲደረግበት ያን ጊዜ እሱም ይፈታል። ዲቲቲ የሚቆርጠው ሲስቴይን በሚባሉ የፕሮቲን ቅንጣቶች መካከል ድኝን ከድኝ የሚያገናኘውን ድልድይ ነው፤ ጠጉርንና ቀንድን የሚያጠነክረውም ይኸው ድልድይ ነው። ስለዚህ ጅራቱ በሁለት ደረጃ ይታሰራል ማለት ነው። በቆለጥ ውስጥ ፕሮቲኖቹ በደካማ ንክኪ እርስ በርሳቸው ይፈላለጋሉ፤ በኤፒዲዲሚስ ጉዞ ላይ ደግሞ እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ እንደሚከርረው ማሰሪያው ይከርራል። ይህ ጽናት ለስፐርሙ በረከት፣ ለተመራማሪው ደግሞ መከራ ነው። መጋጠሚያውን ሳይበጥሱ ለመፍታት አይቻልም፤ የሚፈታው ኬሚካል ትስስሩንም አብሮ ያጠፋዋል። የበሰለ ስፐርም አዲስ ፕሮቲን የማምረት ሥራውን ዘግቷልና በሌሎች ሕዋሳት እንደሚደረገው አዲስ ጂን አስገብቶ ውጤቱን ማየትም አይሆንም። ማን ከማን ጋር ይተሳሰራል የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ ከስፐርሙ ውጭ፣ በእርሾ ሕዋስ ውስጥ የተጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በእርሾ የሚደረገው ፍተሻ በ1989 ፊልድስና ሶንግ ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ የሆነ አንድ ፕሮቲን ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ እንደ መንጠቆ ከተመረጠው ፕሮቲን ጋር፣ ሌላው ግማሽ ከብዙ እጩዎች ጋር ይያያዛል። መንጠቆው አንዱን እጩ ከያዘ ሁለቱ ግማሾች ይቀራረቡና ምልክት ይሰጣሉ። በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የፍራንስ ቫን ደር ሆርን ቡድን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጠጣር ክሮቹን ዋና ፕሮቲን ኦዲኤፍ1ን መንጠቆ አድርጎ ብዙ አጥምዷል። መጀመሪያ ኦዲኤፍ1 ከራሱ ቢጤ ጋር እንደሚያያዝ፣ በ1997 ደግሞ ኦዲኤፍ2 ከሚባለው የክሮቹ ሌላ ፕሮቲን ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። መያዣው የሉሲን ዚፕ የሚባለው ነው፤ በፕሮቲኑ ሰንሰለት ላይ በየሰባተኛው ቦታ ሉሲን የሚባል ቅንጣት ይቀመጥና የሁለት ፕሮቲኖች ሉሲኖች እንደ ዚፕ ጥርስ ይጠላለፋሉ። ከዚያ በኋላ ስፓግ4፣ ስፓግ5፣ ኬኤልሲ3 የሚባሉ ፕሮቲኖች ተከተሉ። እነዚህ ግኝቶች ስለ ጅራቱ ሥነ ሕንፃ ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሮቲን ደረጃ ለመነጋገር አስቻሉ፤ ውለታቸው ትልቅ ነው። ግን የመጀመሪያው ምስክር ብቻ ነበሩ፤ የኋላ ታሪካቸውም አስተማሪ ነው። በ2002 ያው ቡድን የስፓግ5ን ጂን ከአይጥ ላይ አጠፋ፤ ወንዶቹ አይጦች ግን ምንም ሳይጎድላቸው ወለዱ። ስፓግ4 ደግሞ መጀመሪያ ጠጣር ክሮቹን ከአክሶኔም ጋር የሚያገናኝ ይመስል ነበር፤ በኋላ የወጡ ጥናቶች በሚያድገው ሕዋስ የኒውክሊየስ ሽፋን ላይ አገኙት፤ ጂኑ ሲጠፋም የሚበላሸው በዋናነት የጭንቅላቱ ቅርጽ ሆነ። እርሾው ዋሽቷል ማለት አይደለም። እርሾ የሚመልሰው «መያያዝ ይችላሉን?» የሚለውን ጥያቄ ነው፤ «የት?» እና «ለምን?» የሚሉትን አልተጠየቀም። ሁለት ሰዎች መጨባበጥ ስለቻሉ ብቻ በአንድ ቤት ይኖራሉ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ምስክር ማጣት ነው። አንድን ጂን ከአይጥ ላይ አጥፍቶ ጅራቱ የት ላይ እንደሚሰበር ማየት። የዚህ ምስክር ቃል ሲሰበሰብ አንድ ነገር ይደጋገማል፤ ስብራቱ መጋጠሚያ ላይ ነው። በ2012 የኦዲኤፍ1 ጂን ሲጠፋ ጭንቅላትና ጅራት ተለያዩ፤ ወንዶቹ መከኑ። ሰን5 የተባለው የኒውክሊየስ ሽፋን ፕሮቲን ሲጠፋም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። በሰውም ራስ አልባ ስፐርም የሚባል የመካንነት ዓይነት አለ፤ ናሙናው ውስጥ ጭንቅላት የሌላቸው ጅራቶች ሲዋኙ ይታያሉ። በ2016 የሰን5፣ በ2018 ደግሞ የፒኤምኤፍቢፒ1 ጂን ጉድለት በእንዲህ ዓይነት ወንዶች ላይ ተገኝቷል፤ ፒኤምኤፍቢፒ1 በሰን5 እና ስፓታ6 በሚባለው የአንገት ፕሮቲን መካከል እንደ ድልድይ ይቀመጣል። ወደ ታች ስንወርድ ቀለበቱ ሴፕቲን ከሚባሉ ፕሮቲኖች የተሠራ ነው። በ2005 ሁለት ቡድኖች በየፊናቸው ሴፕት4ን ሲያጠፉ ቀለበቱ ጠፋ፤ ጅራቱም በትክክል ጥምጥሙና ሰገባው በሚገናኙበት ቦታ ተቀጨ። ሆኖም ይህ ምስክርም ድካም አለበት። ምሰሶው ሲነቀል ቤቱ ቢወድቅ፣ እያንዳንዱ ማገር ከምሰሶው ጋር ታስሮ ነበር ማለት አይደለም። የጂን መጥፋት አስፈላጊነትን ያሳያል፤ ንክኪን ግን አያሳይም።

ሰገባው ለብቻው ሊታይ የሚገባው ቦታ ነው፤ ምክንያቱም ማሰሪያ ሲባል ጽናት ብቻ አለመሆኑ እዚህ ይገለጣል። ሰገባው ከጫፍ ወደ አንገት አቅጣጫ ይሠራል፤ ጠጣር ክሮቹ ደግሞ በተቃራኒው ከአንገት ወደ ጫፍ። የሰገባው ዋና ፕሮቲኖች ኤካፕ3 እና ኤካፕ4 ናቸው፤ ኤካፕ3 ቀድሞ ተሠርቶ ወደ ማገሮቹ ይገባል፣ ኤካፕ4 ዘግይቶ መጥቶ ግንባታውን ይፈጽማል፣ ሁለቱም እርስ በርሳቸው ይተሳሰራሉ። ከዚህ በላይ ግን ሁለቱም ፒኬኤ የሚባለውን፣ የመዋኛ ትእዛዝ የሚያስተላልፈውን ኢንዛይም አስረው የሚይዙ መልሕቆች ናቸው። በ2002 ኤካፕ4 የጠፋባቸው አይጦች የስፐርም ቁጥር አልቀነሰባቸውም፤ ሰገባው ግን ሳይሟላ ቀረ፣ ጅራቱ አጠረ፣ ስፐርሙም ወደፊት መሄድ ተሳነው፤ ከሰገባው ጋር ይኖሩ የነበሩ ሌሎች ፕሮቲኖችም ወይ ጠፉ ወይ ቀነሱ። ስኳርን ወደ ኃይል ከሚቀይሩት ኢንዛይሞች አንዱ የሆነው የስፐርሙ ጂኤፒዲኤችም በዚሁ ሰገባ ላይ ተጣብቆ ይሠራል። በ2004 ጂኑ ሲጠፋ የስፐርሙ ኤቲፒ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወረደ፤ ማይቶኮንድሪያዎቹ ግን እንደ ወትሮው ኦክስጅን ይጠቀሙ ነበር። ማይቶኮንድሪያ ያሉት በመካከለኛው ክፍል ነው፤ ረጅሙ የጅራት ክፍል ምድጃውን እዚያው አጠገቡ፣ በሰገባው ላይ አስሮ ይዟል። በዋናው ክፍል ሽፋን ላይ ያለው ካትስፐር የተባለው የካልሲየም በርም በአራት ረድፍ ተሰልፎ መገኘቱ የሚያሳየው ያንኑ ነው። በስፐርም ጅራት ውስጥ ምልክትም ኃይልም የሚፈሱት በታሰሩበት ቦታ ነው።

ሦስተኛው ምስክር፣ ማለትም በቦታው ማየት፣ ዘግይቶ መጣ። ስፐርሙ ውኃው ወደ በረዶ ቅንጣት ሳይቀየር በቅጽበት ይቀዘቅዛል፤ በአዮን ጨረር ይሳሳል፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከብዙ አንግል ይነሣና ምስሉ በሦስት ገጽታ ይሰበሰባል። በኡትሬኽት ዩኒቨርሲቲ የጽቪያ ዜቭ ቤን ሞርዴኻይ ቡድን በ2021 ያወጣው ሥራ እንደ አብነት ሊነሣ ይገባዋል። በአሳማ፣ በፈረስና በአይጥ ስፐርም ውስጥ፣ ማይቶኮንድሪያው ወደ ጠጣር ክሮቹ በሚዞርበት ፊት ላይ፣ እንደ መሰላል ደረጃ የተሰለፉ ፕሮቲኖች ታዩ። ማንነታቸውን ለማወቅ ተመራማሪዎቹ ጎረቤታሞች ፕሮቲኖችን በኬሚካል ሰንሰለት አቆራኙና የተቆራኙትን ቁርጥራጮች በክብደት መለያ መሣሪያ ለዩ። መሰላሉ ግሊሰሮል ካይኔዝ ከሚባለው ኢንዛይም ዘመዶች የተሠራ ሆኖ ቪዳክ በሚባሉት የማይቶኮንድሪያ በሮች ላይ የተተከለ ነበር። የዚህ ኢንዛይም ዘመድ የሆነው የጂኬ2 ጂን ሲጠፋ አይጦች እንደሚመክኑና ጥምጥሙ እንደሚበታተን ከዚያ በፊት ታውቆ ነበር። ኬሚካሉ ጎረቤትነታቸውን፣ የጂኑ መጥፋት አስፈላጊነታቸውን፣ ምስሉ ቦታቸውን መሰከሩ፤ ሦስቱ ምስክሮች በአንድ መጋጠሚያ ላይ ቃላቸው ገጠመ። በ2023 ደግሞ በርካታ ቡድኖች የስፐርምን ድርብ ቱቦዎች በጣም በጠራ ምስል አቀረቡ፤ ቱቦዎቹ ውስጣቸው ባዶ እንዳልሆነና ቴክቲንን የመሰሉ ፕሮቲኖች ከውስጥ እንደ ካስማ እንደደገፏቸው ታየ። በምስሉ ላይ ያለው ቅርጽ የማን እንደሆነ ለመለየት አልፋፎልድ የሚባለው የኮምፒውተር ትንበያ ብዙ ረድቷል። ከግሊሰሮል ካይኔዙ ጋር አብሮ የሚነሣ ቀደምት ጉዳይ አለ። በ1999 ጂፒኤክስ4 የሚባለው፣ ሴሌኒየም የያዘ ኢንዛይም፣ በበሰለ ስፐርም ውስጥ ሥራውን አቁሞ በማይቶኮንድሪያው ሽፋን እንደ ጡብ ተገንብቶ ተገኘ። ሴሌኒየም ያጡ እንስሳት ስፐርም በመካከለኛው ክፍል የሚሰበረው ለምን እንደሆነ ከዚህ ተረዳን። ኢንዛይም በጅራቱ ውስጥ ማሰሪያ ይሆናል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሞተሩ ወገን ይመጣል። ጅራትን የሚያንቀሳቅሰው ዳይኒን ነው፤ ዳይኒን የጎደላቸው ወንዶች ስፐርማቸው እንደማይዋኝ ብዮርን አፍዘሊየስ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አሳይቷል፤ ታዲያ ማሰሪያውን ይህን ያህል ማጉላት ለምን? ተቃውሞው እውነት ይዟል፤ ኃይል የሌለው ጽናት የትም አያደርስም። ግን የራሱ ምሳሌ ወደ እኛው ይመልሰናል። በ2014 ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ወንዶችን ያጠኑ ሐኪሞች ዲኤንኤኤች1 የሚባለው የዳይኒን ጂን የተበላሸባቸውን ለዩ። ስፐርማቸው ቀጥ ብሎ የቆመ ጤናማ ጅራት አልነበረውም፤ ጅራቱ አጭር፣ ጥምዝምዝ፣ አንዳንዴም ጭራሹን የሌለ ነበር፤ የመሐሉ ሁለት ቱቦዎች ብዙ ጊዜ ጠፍተው፣ ሰገባውም ተዘበራርቆ ተገኘ። አንድ የሞተር ክፍል ሲጠፋ ከእሱ ርቀው ያሉ ግድግዳዎች መፍረሳቸው ሞተሩ ራሱ የግንባታው አካል መሆኑን ያሳያል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። በ2016 በጃፓን ኦሳካ የማሳሂቶ ኢካዋ ቡድንና ባልደረቦቹ በቆለጥ ውስጥ በብዛት የሚሠሩ፣ በዝርያዎችም መካከል ሳይለወጡ የቆዩ 54 ጂኖችን አንድ በአንድ አጥፍተው ወንዶቹ አይጦች መውለዳቸውን አሳዩ። ሰው «ማሰሪያው ሁሉ ወሳኝ ከሆነ እነዚህ ሁሉ ሲጠፉ ቤቱ እንዴት ቆመ?» ቢል ይፈረድለታል። አንዱ መልስ ልጥ በሁለት በሦስት ዙር ይታሰራል የሚል ነው፤ አንዱ ሲበጠስ ተመሳሳይ ፕሮቲን ሊይዝ ይችላል። ሌላው መልስ በላቦራቶሪ ጓዳ አንድ ወንድ ያለ ተፎካካሪ መውለዱ ለፈተናው ቀላል መሆኑ ነው። ዋናው መልስ ግን ይህ ውጤት የክርክሩን ሁለተኛ ነጥብ ያጠናክራል የሚል ነው። ፕሮቲኑ በቆለጥ መብዛቱና ለዘመናት ሳይለወጥ መቆየቱ ብቻ ወሳኝ እንደማያደርገው 54 ጊዜ ተመስክሯል፤ በዝርዝር ውስጥ መገኘት ምስክርነት አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሐኪም ቤት የሚነሣ ነው። በ1992 ከብራስልስ የተገኘው ዘዴ አንድን ስፐርም በቀጭን መርፌ ወደ እንቁላል ያስገባል፤ መዋኘት አያስፈልግም። ጅራቱ ቢሰበርስ ምን ይጎዳል? በእርግጥም ሰን5 ከጠፋባቸው አይጦች የተወሰደ ጭንቅላት በዚህ መንገድ ልጅ ሰጥቷል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንዳስታወቀው ከ6 ሰዎች 1 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው መካንነት ያጋጥማቸዋል፤ ለአብዛኞቹም መርፌው ሩቅና ውድ ነው። በዚያ ላይ መርፌው የአባትን የጂን ጉድለት ወደ ልጅ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ጉድለቱ የቱ ጋ እንዳለ ማወቅ ለወላጆች ምክር አስፈላጊ ነው። ከሰገባው ጋር የተያያዘው የምልክት መንገድ ደግሞ ለወሊድ መቆጣጠሪያ በር ይከፍታል። በ2023 የታተመ ሥራ ለፒኬኤ መልእክት የሚያመርተውን የስፐርም ኢንዛይም ለሰዓታት የሚዘጋ መድኃኒት ወንድ አይጦችን ለጊዜው ብቻ ከማስረገዝ እንደከለከላቸው አሳይቷል።

እንግዲህ እስከ ዛሬ የተገኘው ሲመዘን መጋጠሚያዎቹ እኩል አይደሉም። የማይቶኮንድሪያው መሰላል ሦስት ምስክር አቁሟል። የኤካፕ3 እና የኤካፕ4 ትስስር፣ የአንገቱም ሰንሰለት በሁለት ምስክር ጸንተው ሦስተኛውን ይጠብቃሉ። ከኦዲኤፍ1 መንጠቆ ከወጡት ስሞች አንዳንዶቹ ዛሬም በአንድ ምስክር ብቻ ቆመዋል፤ ስፓግ5 ደግሞ የማጣቱ ምስክር መጥቶ ቃሉን ሳይደግፍለት ቀርቷል። ይህ ልዩነት ከወረቀት አልፎ ወደ ምርመራ ክፍል ይገባል። አንድ መካን ወንድ ጂኑ ተነቦ በአንድ የጅራት ፕሮቲን ውስጥ አንዲት ፊደል ተለውጣ ብትገኝ፣ ሐኪሙ ፊደሏ ምክንያቱ ናት ወይስ ሳታስቸግር የኖረች ልዩነት ናት ብሎ መፍረድ አለበት። የፕሮቲኑ ስም በዝርዝር ውስጥ መኖሩ አያስፈርደውም። የሚያስፈርደው ያቺ ፊደል ፕሮቲኑ ከጎረቤቱ ጋር በሚጋጠምበት ፊት ላይ ናት ወይስ ከዚያ ርቃ ናት የሚለው ነው፤ ይህንንም የሚነግረው ማሰሪያው በቦታው የታየበት ምስል ነው።